የጥርስ ትምህርት በስልክ፦ ከፍኖተ ሰላም የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 7

ትናንት ከጅጋ በኩል የመጡ አንድ አባት የጥርስ ሕክምና ወንበሬ ላይ እንደተቀመጡ፣ አፋቸውን እንኳ ሳይከፍቱ፣ «ትሉን ብቻ አውጣልኝ፤ ጥርሱን አትንካብኝ» አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ፣ የጥርስ ትል ያስወጣል የሚባለውን፣ ፍም ላይ የሚጣል ፍሬ ጭስ ሲታጠኑ ሰንብተዋል። ከጭሱ በኋላ ነጫጭ ነገር ሲወድቅ በዐይኔ አይቻለሁ ብለው ይምላሉ። አላዩም ማለት አልችልም፤ ፍሬው ፍም ላይ ሲፈነዳ ከውስጡ የሚወጣው ነጭ ነገር ቁርጥ ትል ይመስላል። መንጋጋቸው ግን አልቆ ሥሩ ብቻ ነበር የቀረው። ነቀልሁላቸው። ሲወጡ «ታዲያ ትሉ የታለ?» አሉ። ቆሜ ትል እንደሌለ አስረዳኋቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። እንዳላመኑኝ ግን ከፊታቸው ያስታውቃል።

ማታ ይህን ለኮምፒውተር መምህሩ ጓደኛዬ ስነግረው፣ «ክረምቱን ሙሉ ያወራነውን ነገር እንጀምረዋ!» አለ። ነገሩ ይህ ነው፦ ስልክ ላይ የሚሠራ፣ ኔትወርክ የማይጠይቅ የአፍና የጥርስ ጤና ትምህርት። ሰው ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ሳይሆን የሚነካው፣ የሚመርጥበት፣ የሚሳሳትበት። ያሰብናቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች።

ያለን ዕቃ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባል አንድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ፣ አንድ ፓወር ባንክ፣ የእኔና የእሱ ስልክ ነው። ትምህርቱን የምንሠራው ኤችፋይቭፒ በሚባለው ነፃ መሣሪያ ነው፤ ጥያቄው፣ የሚጎተተው ሥዕል፣ እየቆመ የሚጠይቀው ቪዲዮ፣ ምርጫህ መንገዱን የሚቀይርበት ታሪክ ሁሉ በውስጡ አለ። ሉሚ የሚባል ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይዘጋጅና አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሆኖ ይወጣል፤ ስልኩ ላይ በብሮውዘር መክፈት ብቻ ነው። ፓይው ላይ ደግሞ ኮሊብሪ የሚባለውን፣ ትምህርት ያለ ኢንተርኔት የሚያቀርብ ነፃ ፕሮግራም ጫንን። ፓይው የራሱን ዋይፋይ ስለሚለቅ አጠገቡ ያሉ ስልኮች ያለ ካርድ ያለ ዳታ ትምህርቱን ያገኙታል። በእኛ አገር ኔትወርክ አለ ተብሎ የሚታቀድ ነገር የለምና ከመጀመሪያው የወሰንነው ይህን ነው።

ጥቅምት 15

የመጀመሪያው ሥራ አለቀ፤ በዚያው ቀንም ሞተ። 42 ስላይድ፣ በእያንዳንዱ ላይ የእኔ ድምፅ። ከኢናሜል (ከጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን) ጀምሬ፣ በዴንቲን (ከሽፋኑ ሥር ባለው ክፍል) አልፌ፣ 20 የወተት ጥርስና 32 ቋሚ ጥርስ ቆጥሬ፣ መጨረሻ ላይ አምስት ጥያቄ አስቀምጬ። ባለቤቴ እስከ ዘጠነኛው ድረስ በትዕግሥት ነካካች። የእህቴ ልጅ ግን ስድስተኛው ላይ «ጌሙ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ።

በየገጹ ‹ቀጥል› የሚል ቁልፍ ስላለው ብቻ አሳታፊ ብለነው ኖሯል። ጓደኛዬ «ይህማ ገጽ መግለጥ ነው፤ መጽሐፍም ይገለጣል» አለ። ልክ ነው። አፌ ላይ የመጣው ግን «ድምፄ እኮ ጥሩ ነው» የሚል ነበር።

ጥቅምት 22

ገለበጥነው። አሁን ጥያቄው ይቀድማል፤ ማብራሪያው የሚመጣው ሰውየው ከመረጠ በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ለመረጠው መልስ የሚገባው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ልጅህ በጥርስ ሳሙና ጥርሱን ከታጠበ በኋላ ምን ያድርግ? ሀ) አፉን በውሃ ደህና አድርጎ ይጉመጥመጥ፤ ለ) አረፋውን ተፍቶ ይተወው። ሥራ ቦታ ለስድስት ባልደረቦቼ አሳየሁ። አምስቱ «ሀ» ነኩ። አንዱ «ለ»ን የነካው ጣቱ ስቶት ነው፤ ራሱ ነገረኝ። መልሱ ግን «ለ» ነው። ጥርሱን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ሥራ የሚሠራው ጥርስ ላይ ሲቆይ ነው፤ በውሃ ስናጥበው አብረን እንደፋዋለን። አምስቱም «እንዴት ተደርጎ!» ብለው ተከራከሩኝ። በ42 ስላይድ አንድም ሰው አልተከራከረኝም ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የሳሙናው መጠን ነው። ሥዕሉ ላይ ብሩሽ አለ፣ በጣት የሚጎተት ሳሙና አለ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር የሞላ ሰው ቱቦው ሲያልቅበት ያያል። የአተሩን ምሳሌ የትም አልፈለግሁትም፤ ሽሮ በሚበላ አገር አተር የማያውቅ የለም።

አንድ ነገር ላይ ተጨቃጨቅን፤ መፋቂያን እንጨምር አንጨምር? ጓደኛዬ «ሰው ብሩሽ እንዲገዛ ነው የምንፈልገው» አለ። እኔ ደግሞ የወይራ ወይም የልምጭ መፋቂያ በእጁ የያዘን ሰው ጥለህ ብሩሽ ግዛ የሚል ትምህርት ገጠር ውስጥ እንደማያልፍ አውቃለሁ። መፋቂያ በደንብ ከተፋቀበት የተለጠፈውን ቆሻሻ ያነሣል። የሚጎድለው ፍሎራይዱ ነው፤ ከዚያ ሌላ ሰው የሚፍቀው የፊቱን ጥርስ እንጂ የኋላ መንጋጋውን አይደለም። እኔ ረታሁ፤ መፋቂያው ገባ። ጫፉን አኝኮ እንደ ብሩሽ ማድረግና ወደ ኋላ መንጋጋ ማድረስ የሚል አጭር ቪዲዮ ቀረጽን። ባለ መፋቂያው ጎረቤታችን ናቸው፤ በሰባ ዓመታቸው አንድ ጥርስ ብቻ ነው የጎደላቸው። ለትምህርቱ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለኝም፤ እሳቸውም ሌላ ማስረጃ አይፈልጉም።

ጥቅምት 30

የከረሜላው መጫወቻ። የምወደው ይህን ነው።

አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያወጣሉ። የአፍ ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ኢናሜሉ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን አርግቦ ወደ ቦታው እስኪመልሰው ድረስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ይህን በቃል ስትነግረው ልጁ «እሺ» ይልሃል፤ አለቀ።

ጓደኛዬ በጃቫስክሪፕት ከጠዋት እስከ ማታ የሚሄድ መስመር ሠራ። ልጁ ስድስት ከረሜላ ይሰጠዋል፤ በፈለገው ሰዓት ላይ ያስቀምጣቸዋል። ባስቀመጠ ቁጥር መስመሩ ወደ ታች ይወርድና ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ከ5.5 በታች ያለው ሁሉ ቀይ ይሆናል። ስድስቱንም ከምሳ በኋላ በአንዴ የበላ አንድ ቀይ ጉድጓድ ይወጣለታል። በየሰዓቱ አንድ አንድ እያለ የቆጠበ፣ ያ ቁጥቡ ልጅ፣ የቀኑን ግማሽ ያህል ቀይ በቀይ ያደርጋል። የእህቴ ልጅ የቆጠበችው ነበረች። «ይህማ ግፍ ነው!» አለች። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሞከረችው። ሻይ እየተጎነጩ ለሚውሉ የቢሮ ሰዎችም ይህን ማሳየት አለብኝ፤ ከራሴ ጀምሮ።

ኅዳር 3

ቀኑን የበላው ፊደል ነው። ‹ባዶ ቦታውን ሙላ› የሚለውን ዓይነት ጥያቄ ሠርተን ነበር፤ «ጥርስህን ሲያምህ ወደ ____ ሂድ»። ትክክለኛው መልስ ‹ሐኪም› ነው። አንዷ ባልደረባዬ ‹ሀኪም› ብላ ጻፈች፤ ቀይ ኤክስ ወጣባት። ሌላው ‹ኃኪም› ብሎ ጻፈ፤ ለእሱም እንዲሁ። ለኮምፒውተሩ ሦስቱ ሦስት ቃላት ናቸው። ኤችፋይቭፒ በአማራጭ መልሶች መሀል እዝባር ማስገባት ስለሚፈቅድ ሁሉንም ደረደርናቸው፤ ለሐኪም ሦስት፣ ለፀሐይ ደግሞ ቆጥሬ ሳልጨርስ ተውሁት። ከዚያ ደግሞ አንዱ ልጅ በላቲን ፊደል ጽፎ አስገባ።

መተየብን ጨርሰን አስወጣነው። መንካት፣ መጎተትና ማዳመጥ ብቻ ይበቃል። ሰው ጥርሱን ማወቁን እንጂ ሀሌታውንና ሐመሩን መለየቱን አይደለም የምንፈትነው። (የቅኔ መምህራን ይቅር ይበሉኝ፤ በጎጃም ምድር ይህን መጻፍ ድፍረት ነው።)

ቁልፎቹ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም አንድ በአንድ ቀየርነው። ‹አረጋግጥ› ከባድ ሆኖ ታየን፤ ‹ልክ ነኝ?› አልነው። ‹እንደገና ሞክር› ደግሞ ‹ድገመው›።

ኅዳር 11

ወደ ዋናው ገባን፤ ግግ።

ለማያውቅ ሰው፦ ሕፃኑ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ሲይዘው፣ ሲያስታውከው፣ ድዱ ላይ ክራንቻው በሚወጣበት ቦታ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል። ‹ግግ ነው› ይባላል። ያ እብጠት ሊወጣ የተዘጋጀ የወተት ክራንቻ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ወር በኋላ፣ ራሱ ይወጣል። ነገር ግን በመርፌ፣ በምስማር፣ አንዳንዴም በሳይክል ራጂ ተፈልቅቆ እንዲወጣ ይደረጋል። ደም ይፈስሳል፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ቴታነስ አለ፤ ያው መሣሪያ ከልጅ ወደ ልጅ ሲሄድ ኤችአይቪም አለ። ከሥሩ የተኛው የቋሚ ክራንቻ ቡቃያም ይነካል። ልጁን የሚገድለው ተቅማጥ ግን እዚያው አለ።

ኤችፋይቭፒ ላይ ቅርንጫፍ ያለው ታሪክ ሠራን። ሕፃኑ የዘጠኝ ወር ነው፤ ሁለት ቀን ተቅምጧል። አንቺ እናቱ ነሽ። አያትየዋ «ግግ ነው፤ አሁኑኑ ይውጣለት» ትላለች። ምን ታደርጊያለሽ? ሦስት መንገድ፣ ሦስት መጨረሻ። አያትየዋን በሥዕል አኮማተርናት፤ በድምፅም ጮኸች። ጤና ጣቢያ የሄደችው እናት ትስቃለች፤ አያትየዋን የሰማችው ታለቅሳለች። በጣም ያማረ ነገር የሠራን መስሎን ነበር።

ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ቤት ቡና ላይ አሳየኋቸው። አምስት ሴቶች ነበሩ፤ ከሁሉም የምትበልጠው አክስቴ ናት። ስልኩን መሀል አስቀመጥሁት። አያትየዋ ስትጮህ አንደኛዋ ስኒዋን አስቀመጠች። መጨረሻው ላይ ሕፃኑ ሲታመምና አያትየዋ ጥግ ላይ አቀርቅራ ስትታይ፣ አክስቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ስትመለስ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ አንተን የያዝሁህ እኔ ነኝ» አለችኝ።

አውቃለሁ። የላይኛው ግራ ክራንቻዬ ጎድጎድ ያለና ቢጫ ነው፤ የቀኙ ከነጭራሹ አልወጣም። ምክንያቱን የተማርሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። ነቃዩ ማን እንደነበረ እናቴ ነግራኛለች፤ እግሬን የያዘው ማን እንደሆነ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

«እንዳትሞትብን ነው» አለች። «እኛ እኮ ልጅ ልንጎዳ አይደለም የሄድነው። አንተ ግን በዚህ ስልክህ ጅብ አደረግኸን።»

ቡናው ሦስተኛ ላይ ደርሶ ነበር። ማንም ሌላ ነገር አላወራም።

ኅዳር 13

ለጓደኛዬ ደውዬ ታሪኩን እናፈርሰዋለን አልሁት። ብዙ የደከምንበት ነው፤ እሱ ግን ብዙ አላንገራገረም።

የተሳሳትነው የት ላይ እንደሆነ ሌሊቱን ሳወጣው ሳወርደው አደርሁ። ትምህርቱ እናትየዋን ነበር የሚጠይቀው። ጎጃም ውስጥ የዘጠኝ ወር ሕፃን ሲታመም ብቻዋን የምትወስን እናት የት አለች? የሚወስኑት አያትና አክስት ናቸው። እኛ ግን ወሳኟን ከጨዋታው አውጥተን፣ ጥግ አስቀምጠን፣ ወንጀለኛ አድርገናት ነው ‹ተማሪ› የምንላት። እሷ ካልመረጠች ደግሞ ማንም አልመረጠም።

ኅዳር 21

አዲሱ ታሪክ። ተጫዋቿ አያት ናት። ምራትሽ ሕፃኑን አቅፋ መጥታለች፤ ዐይን ዐይንሽን ታያለች። ድዱን ገልጠሽ አየሽው፤ ነጭ እብጠት አለ። ከዚያ ጥያቄው የሚመጣው ‹ግግ ነው አይደለም?› ተብሎ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና? ጡት ይጠባል? እንባ አለው?» ነው። አያት የምታውቀው ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ማንም አይረታትም። ከመለሰች በኋላ ነው ታሪኩ የሚከፈለው። ሕፃኑ መጥባት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ዝልፍልፍ ብሎ አልነቃም ካለ ጊዜ የለም፤ አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ። እነዚህ ከሌሉ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የጠፋውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት)፤ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ በማንኪያ፣ ጡቱም ሳይቋረጥ፤ ከጤና ኬላ ደግሞ የ10 ቀን ዚንክ። የተፈለቀቀበት መንገድም ታሪኩ ውስጥ አለ፤ አልደበቅነውም። ግን ማንም ጥግ ላይ አያለቅስም። ልጁ ስድስተኛ ክፍል ደርሶ በፎቶ ይታያል፣ ክራንቻውም እንዲሁ። ፎቶው የእኔ አፍ ነው።

ድምፁን ማን ይስጥ? አክስቴን ለመንኋት። «እኔ መናገር አልችልም» አለች፤ አንድ ቀን አሳድራ መጣች። ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፈን፣ ዶሮዎቹን አስወጥተን በስልኬ ቀረጽናት። መጨረሻ ላይ «ሞኝ ነበርን» የሚል ዐረፍተ ነገር ጽፌላት ነበር። አነበበችና ዝም አለች። «ይህን አልልም» አለች። «‹አላወቅንም ነበር› በል። ሞኝ አልነበርንም።»

ቀየርሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀረጽናት፤ ሁለተኛ አላስፈለገም።

ኅዳር 27

መብራት ሄደ፤ ፓይው ሞተ፤ ካርዱ ተበላሸ። ኮሊብሪ፣ ትምህርቱ፣ የተጠቃሚዎች መዝገብ፣ ሁሉም ጠፋ። ፓይ ሚሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ ኃይል ከተቋረጠበት ካርዱ ሊበላሽ እንደሚችል እናውቅ ነበር። እያወቅን ነው ግድግዳው ላይ የሰካነው። የትምህርቱ ፋይሎች ላፕቶፑ ላይ ስላሉ ተረፍን።

ሁለት ነገር አደረግን። ካርዱን ከጫንን በኋላ ሙሉ ቅጂውን ወደ ሌላ ካርድ ገለበጥን፤ አንዱ ሲሞት ሌላውን መሰካት ነው። ፓይውን ደግሞ ከፓወር ባንኩ አስነሣነው። በመጀመሪያ እንቢ አለ፤ እየተነሣ ይጠፋል። ፓይ 4 አምስት ቮልትና ሦስት አምፒር ይፈልጋል፤ የእኛ ፓወር ባንክ ሁለት ነው የሚሰጠው፤ ገመዱም ቀጭን ነበር። ወፍራም አጭር ገመድ ሲገባለት፣ ምንም ነገር ዩኤስቢው ላይ ሳንሰካ፣ ቆመ። የተሻለ ፓወር ባንክ እስክንገዛ በዚሁ እንቀጥላለን።

ታኅሣሥ 7

ትምህርት ቤት። 54 ልጆች፣ ከቤት የመጡ 11 ስልኮች፣ አንድ ፓይ። አብዛኞቹ አምስት አምስት ሆነው ተቀመጡ። እኔ እያንዳንዱ ልጅ ስልክ ቢኖረው እያልሁ ስቆጭ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። አምስት ልጅ በአንድ ስልክ ላይ ሲሆን አንዱ ከመንካቱ በፊት አራቱ ይጮኹበታል፤ «አትንካው! ለ ነው!» ይባላል፤ ማስረዳት ይመጣል። ለብቻው የያዘው ልጅ ግን ዝም ብሎ ሁሉንም ነክቶ ጨረሰ፤ ምን እንዳነበበ ስጠይቀው አያውቅም።

ከረሜላው ላይ አንዷ፣ «ሸንኮራስ?» አለች። ሸንኮራም ስኳር ነው፤ ገበያ ላይ እየጋጡ መዋል እንደ ከረሜላው ነው። ሌላው፣ ነቢያት ጾም ላይ ነንና፣ «ስንጾም ጥርሳችንም ይጾማል ማለት ነው?» አለ። ክፍሉ ሣቀ። ጥያቄው ግን ትክክል ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ያልቀመሰ አፍ መስመሩ ላይ ቀይ የለውም። ጓደኛዬ እዚያው ቆሞ ‹የጾም ቀን› የሚል ቁልፍ ጨመረበት።

የእንቁላሉ ነገር። አንድ እንቁላል ከትናንት ጀምሮ አቼቶ ውስጥ ነክረን ነበር፤ ቅርፊቱ ለስልሶ ወጣ። ልጆቹ እየነኩ ጮኹ። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የጥርስ ማዕድን ሌላ ነው። ለመምህሩ ይህን ነግሬዋለሁ፤ ለልጆቹ ግን ለዛሬ አሲዱን ማየታቸው በቃኝ።

አንድ የማይረሳኝ ነገር። ፎቶ ላይ ‹ጥርሱን የማይታጠበው ልጅ የትኛው ነው?› የሚል ነጥብ የመንካት ጥያቄ ነበረን። ቡኒ ሰረዝ ያለበት ጥርስ ላይ ሁሉም ነኩ። ከኋላ አንድ ልጅ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ቤተሰቡ ከዝዋይ አካባቢ የመጣ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ከተፈቀደው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ስለሆነ ጥርስ ገና በሚሠራበት ዕድሜ የጠጣው ልጅ ቡኒ ይሆንበታል፤ ከመታጠብ ጋር አይገናኝም። ቆም ብዬ ይህን ነገርኋቸው፤ ጥያቄውንም ማታ አጠፋሁት። እኛ ራሳችን ያጠመድነው ወጥመድ ነበር። በምትኩ የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ገባ። ከወተት ጥርሶች ኋላ አንድም ጥርስ ሳይነቀል በስድስት ዓመት ገደማ የሚወጣው ቋሚ ነው፤ ወላጅ ግን ‹የወተት ነው፣ ይተካል› ብሎ ይተወዋል። እኔ ወንበር ላይ ከምነቅላቸው ስንቱ እሱ ነው!

ታኅሣሥ 18

ወደ ገጠር ቀበሌ ወጣን። የጤና ኤክስቴንሽኗ «ዶክተር» ትለኛለች፤ አይደለሁም ብላትም አልሰማችኝም። አሥራ አራት ሴቶች ሰብስባለች፤ ብዙዎቹ አያቶች ናቸው። ፓይውን ዛፍ ሥር አስቀምጠን የእሷን ስልክ አገናኘን፤ ስልኩ ከሰው ወደ ሰው ስለሚዞር ድምፁን በትንሽ ስፒከር አወጣነው።

አያትየዋ ስትናገር፣ የአክስቴ ድምፅ ነው፣ አንዲት እማሆይ «ይህች የእኛ አገር ሰው ናት» አሉ። ‹ስንት ጊዜ ሸና?› ላይ ሁሉም በአንድ ላይ መለሱ። ምርጫው ላይ ሲደርስ ግን ለሁለት ተከፈሉ። ግማሹ «ይውጣለት»፣ ግማሹ «አይነካ»። ኤክስቴንሽኗ ስልኩን ይዛ ልትነካ ስትል እጇን ያዝሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። አንዷ ሁለት ልጅ እንዳስነቀለችና ሁለቱም እንዳሉ ነገረች፤ ሌላዋ ደግሞ አንዱን እንዳጣች። ማንም ማንንም ሞኝ አላለም። በመጨረሻ «አይነካ» የሚለው በለጠ፤ ተነካ። የነካችው ደግሞ ‹ይውጣለት› ያለችው ናት። ሁለተኛውንም መንገድ ማየት ፈለጉ፤ አየነው። የእኔን ጥርስ ሲያዩ እማሆይ ወደ እኔ ዞር ብለው «እስቲ አፍህን ክፈት» አሉኝ።

ከፈትሁ። አሥራ አራቱም ተራ በተራ አዩኝ። አገልግሎቴ ሁሉ ከዚህ በፊት የሰው አፍ ማየት ነበር።

ጥር 3

ኤክስቴንሽኗ ትናንት ከተማ ስትገባ መጣች። ሚሞሪ ካርድ ይዛ ነው፤ «የአያትየዋን ብቻ ጫንልኝ፤ በቤት ለቤት ጉብኝት እንዳሳየው» አለች። ፓይውን እዚያ ማመላለስ አይቻልምና ትክክል ናት። ፋይሉን ስንገለብጠው ስልኳ አልከፍተውም አለ። 178 ሜጋ ባይት ነው፤ ቪዲዮዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ታጭቀውበታል፤ ስልኳ ደግሞ አንድ ጊጋ ራም ያለው የድሮ ቴክኖ ነው።

ዛሬ ሙሉ ቀን ስናሳንስ ዋልን። ቪዲዮውን አውጥተን በሥዕልና በድምፅ ተካነው። ድምፁን ወደ ሞኖ፣ 48 ኪሎ ቢት ዝቅ አደረግነው፤ የአክስቴ ድምፅ ትንሽ ጎረነነ እንጂ ይሰማል። ሥዕሎቹን አሳነስን። 21 ሜጋ ደረሰ። በእኔ አሮጌ ስልክ ላይ በአራት ሰከንድ ተከፈተ። ለእሷ በሚቀጥለው ገበያ ቀን የምልክላት ይህን ነው።

ገና የሚቀር፦ ተመትቶ የወለቀ ቋሚ ጥርስ ላይ ያለው ትምህርት። ሥሩን ሳይነኩ ከላይ ይዞ፣ ወደ ቦታው መልሶ ወይም ወተት ውስጥ ከትቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ፤ የወተት ጥርስ ከሆነ ደግሞ አለመመለስ። ለልጆቹ እግር ኳስ ሜዳ ላይ የሚሆን ታሪክ አድርገን እንሠራዋለን፤ ከጥምቀት በኋላ። አክስቴ ለዚህም ድምፅ እሰጣለሁ ብላለች፤ የዳኛውን።